ቤናኺን ስለመውጣት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤናኺ ከስኮትላንዷ አበርዲን ከተማ ወደ ሰሜን ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፣ በክረምታችን ወራት ሐምራዊ አበባ የሚለብስ ኮረብታ ነው። ለትምህርትም ይሁን ለሥራ ወደ አበርዲን የሚመጣ ሐበሻ ብዙም ሳይቆይ ስሙን ይሰማል። አንድ የሥራ ባልደረባ «ቅዳሜ ቤናኺ እንውጣ» ይላል። ከዚያ በኋላ ጥያቄው አያልቅም። ምን ይለበሳል? ስንት ሰዓት ይፈጃል? ደግሞስ ምን ሊገኝ? ደጋግመው የሚመጡትን እዚህ ሰብስቤያለሁ።

ተራራ ነው ወይስ ኮረብታ?

ኮረብታ ነው። ከፍተኛው ጫፍ ኦክሰን ክሬግ ይባላል፤ 528 ሜትር ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀውና ፎቶ የሚያነሳው ግን ሚዘር ታፕ የሚባለውን 518 ሜትሩን ጫፍ ነው። በ10 ሜትር ይበለጣል፤ በመልክ ግን አይደረስበትም። ሾጠጥ ያለ ነው፤ አናቱ ላይ ሮዝ ቀለም ያለው የግራናይት ቋጥኝ ተቆልሏል። በመኪና ከሩቅ ስትመጡ ገና ከመንገዱ ላይ ለይታችሁ ታውቁታላችሁ።

የአዲስ አበባ ልጅ 528 ሜትር ሲባል መሳቁ አይቀርም። ቦሌ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው ከቤናኺ አናት ከአራት እጥፍ በላይ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። እንጦጦማ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሳቁ ግን የመጀመሪያው ንፋስ ፊት ላይ ሲመታ ያበቃል።

ከደጋ ሀገር ስለመጣሁ ይቀለኛል?

በትንፋሽ በኩል አዎ፤ በተለይ ከሀገር ቤት ገና ከመጣችሁ። አየሩ እዚህ ወፍራም ነው። ዓመታት ከቆያችሁ ግን የደጋው ጉልበት ጥሏችሁ ሄዷል፤ እንደማንኛውም ሰው ታለከልካላችሁ።

እዚህ የሚፈትነው ከፍታው አይደለም፤ ንፋሱና እርጥበቱ ነው። አበርዲን ከምድር ወገብ በ57 ዲግሪ ወደ ሰሜን ርቃ ነው ያለችው። ኮረብታው ከሰሜን ባሕር በኩል ሲታይ ከለል የሚያደርገው ነገር የለም። ከመኪና ማቆሚያው እስከ አናቱ ሙቀቱ ሁለት ሦስት ዲግሪ ይቀንሳል። ይሄ ብቻውን ምንም አይደለም። ዳገቱን ስትወጡ ያላባችሁ ሸሚዝ ላይ ንፋስ ሲጨመርበት ግን ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ከታች በካናቴራ ተነስተው ላይ ሲደርሱ የሰው ጃኬት የሚለምኑ ብዙ ናቸው። በሐምሌም ጭምር።

እሺ፣ ምን ልልበስ?

ጂንስ ይቅርባችሁ። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ቶሎ አይደርቅም። ጋቢም ጥጥ ነው፤ መኪና ውስጥ ይጠብቃችሁ። ከውስጥ ላብ የማይይዝ የስፖርት ቲሸርት፣ ከላይ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ንፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት በቂ ነው። ኮፍያና ጓንት ቦርሳ ውስጥ ቦታ አይፈጁም፤ ነሐሴም ቢሆን ያዙ።

ጫማው ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን። ውድ ቡት መግዛት ግዴታ አይደለም። ነጭ ስኒከር ያደረገ ሰው ግን ሲመለስ ነጭ ስኒከር አይኖረውም። ከሚዘር ታፕ ወደ ኦክሰን ክሬግ የሚያልፈው መሬት ጥቁር ረግረጋማ አፈር ነው። ዝናብ ከጣለ በኋላ ድንጋይ ያልተነጠፈበት ቦታ ላይ እግር ይውጣል።

ሄዘር የሚባለው ምንድን ነው? መቼ ነው የሚያብበው?

ሄዘር ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ እንጨታማ ግንድ ያለው ቁጥቋጦ ነው። በሰሜን ተራሮች ወይም በባሌ ተዘዋውራችሁ ከሆነ ዘመዱን አይታችኋል። አስታ ነው። የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ልዩነቱ፣ የእኛ አስታ ከሰው ቁመት በላይ ሄዶ ዛፍ ይሆናል፤ ሽበትም ያንጠለጥላል። የስኮትላንዱ መሬት ለመሬት ነው።

ከሩቅ አንድ ወጥ ሐምራዊ ምንጣፍ ይመስላል። ጎንበስ ብላችሁ ስታዩት ግን ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። ደረቅና ድንጋያማ ቦታ ላይ ያለው ደመቅ ያለ ሐምራዊ ነው፤ አበባው የደወል ቅርጽ አለው፤ ቀድሞ ሐምሌ ላይ የሚያብበው እሱ ነው። እርጥብ ቦታ ላይ ያለው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ ቅጠሎቹ አራት አራት እየሆኑ በግንዱ ዙሪያ በመስቀል ቅርጽ ይቆማሉ። ሦስተኛው ዋናው ነው፤ ኮረብታውን በሙሉ የሚያለብሰው እሱ ነው። አበባው ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ አንዱ ዘንግ ላይ ግን በደርዘን ተደርድሮ ይታያል። በእጃችሁ ዳበስ ስታደርጉት ደቃቅ ብናኝ ይረግፋል። ጫማችሁም ሱሪያችሁም ግራጫ ሆኖ ይመለሳል።

ይህ ዋናው ዓይነት የሚደምቀው በፈረንጆቹ ኦገስት አጋማሽ ነው። እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ይቆያል። በእኛ አቆጣጠር ልክ የፍልሰታ ሰሞን ማለት ነው። ለቡሄ አካባቢ ብትወጡ የተሻለ ጊዜ አታገኙም። ከዚያ በኋላ አበባው ደርቆ ቡናማ ይሆናል፤ የፈረንጆቹን ክረምት በሙሉ እንደዚያው ይከርማል። ቡናማውን የሚወዱ አሉ። እኔ አይደለሁም።

በራሱ የበቀለ ነው ወይስ የተተከለ?

ማንም አልተከለውም። ግን «ተፈጥሮ እንደፈጠረው ነው» ማለትም አይቻልም። አብዛኛው የስኮትላንድ ሄዘር ያለበት ቦታ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ደን ነበር። ሰው መነጠረው፣ በግና ከብት ጋጠው፣ እሳት ተለቀቀበት፤ ሄዘሩ ቦታውን ያዘ። ዛሬም ካልተጋጠና ካልተቃጠለ ቀስ በቀስ በርችና ጥድ መልሰው ይወርሱታል።

ማቃጠሉ አሁንም አለ። ስኮትላንድ ውስጥ በጉዞ ላይ ጥቁርና አረንጓዴ እየሆነ የተከፋፈለ ኮረብታ ካያችሁ ሆን ተብሎ በቁራጭ በቁራጭ የተቃጠለ ነው። ቀይ ግራውስ የሚባለው ወፍ ለጋውን ሄዘር ይበላል፣ አሮጌው ስር ይደበቃል። ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያዘጋጁለታል። ለወፉ አዝነው አይደለም። ከኦገስት 12 ጀምሮ ሊተኩሱበት ነው። የአደን ወቅቱ ያን ቀን ይከፈታል፤ ባለመሬቶቹም ከዚያ ጥሩ ገንዘብ ያገኛሉ። የስኮትላንድ ፓርላማ በ2024 ባወጣው ሕግ ማቃጠሉን በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ወስኗል። ብዙ ያከራከረ ጉዳይ ነው።

ቤናኺ ላይ ታችኛው ግማሽ የተተከለ ደን ነው፤ ሄዘሩ የሚጀምረው ከዛፉ በላይ ነው። ከጨለማው ጥድ ድንገት ወጥታችሁ ሐምራዊው ላይ የምትደርሱበት ቦታ፣ ለእኔ፣ ከአናቱ ይልቅ ያምራል።

በየትኛው መንገድ ልውጣ?

አራት መነሻ አለ፤ ሁሉም መኪና ማቆሚያ አላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በምሥራቅ በኩል ካለው ቤናኺ ቪዚተር ሴንተር ተነሱ። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ መንገዱ በጫካ ውስጥ አልፎ ወደ ሚዘር ታፕ ያወጣል። ደርሶ መልስ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱ ከ350 ሜትር በላይ ነው። ያልቸኮለ ሰው ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ይበቃዋል።

ሮዋን ትሪ ከሚባለው ማቆሚያ የሚነሳው ደግሞ ሜይደን ኮዝዌይ በተባለው ጥንታዊ መንገድ ይሄዳል። ከሰሜን በኩል፣ ባክ ኦ ቤናኺ ከተባለው ቦታ ተነስታችሁ ኦክሰን ክሬግንና ሚዘር ታፕን አዳርሳችሁ መመለስም ይቻላል፤ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጊዜ ካላችሁ እኔ የምመክረው ይሄን ነው። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው 2 ኪሎ ሜትር ከሞላ ጎደል ሜዳ ነው፤ ግራ ቀኙ ሄዘር ብቻ ነው። ዶንቪው የሚባለው የደቡቡ መነሻ ጸጥ ያለ ነው።

መኪና የለኝም። እንዴት እሄዳለሁ?

ከአበርዲን ባቡር ይዛችሁ ኢንቨሩሪ ትወርዳላችሁ፤ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ኮረብታው ስር የሚያደርስ ባቡር የለም። ከኢንቨሩሪ እስከ ቪዚተር ሴንተሩ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ታክሲ መያዝ ወይም በብስክሌት መሄድ ነው። ታክሲውን ለሦስትና አራት ሰው ተካፈሉት። መመለሻውን ከመውጣታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ እዚያ ቆማችሁ የሚያልፍ ታክሲ አታገኙም።

መግቢያ ይከፈላል? ፈቃድስ ያስፈልጋል?

መግቢያ የለውም፤ ፈቃድም አያስፈልግም። በስኮትላንድ በ2003 የወጣው የመሬት ማሻሻያ ሕግ ማንም ሰው፣ የሀገሩ ዜጋ ሆነም አልሆነም፣ በአብዛኛው መሬት ላይ በእግሩ የመሄድ መብት እንዳለው ደንግጓል። ባለመሬቱ ማንም ይሁን ማን። «ወዴት ነው? ማን ፈቀደልህ?» የሚል ዘበኛ አይመጣባችሁም። ግዴታው በአግባቡ መሄድ ነው። በር ከፍታችሁ ካለፋችሁ ዝጉ፣ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ውረዱ፣ የሰው ጓሮ ውስጥ አትግቡ። መኪና ማቆሚያው ላይ ግን ክፍያ ሊኖር ስለሚችል ካርድ ይዛችሁ ሂዱ።

አናቱ ላይ ያለው የተናደ ካብ ምንድን ነው?

ምሽግ ነው። ሚዘር ታፕ አናት ልትደርሱ ስትሉ መንገዱ በሁለት የድንጋይ ክምር መካከል ይጠባል። ብዙ ሰው ተራ ናዳ መስሎት ያልፈዋል። የምሽጉ በር እሱ ነው። ቆም ብላችሁ ጎንና ጎኑን እዩት፤ ያለ ምንም ማያያዣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተካበ፣ ስፋቱ ብዙ ሜትር የሆነ ግንብ ነበር። የቀረው ከፊሉ አሁንም ቆሟል።

የሠሩት ፒክት የሚባሉት የጥንት የሰሜን ስኮትላንድ ሰዎች ናቸው። የአበርዲን ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስቶች ባካሄዱት ቁፋሮ፣ በ7ኛውና በ8ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ይኖርበት እንደነበር አረጋግጠዋል። አክሱም ገና ሙሉ በሙሉ ያልተዳከመችበት ዘመን ማለት ነው።

ከሮማውያንም ጋር ስሙ ይነሳል። በ83 ዓመተ ምሕረት ገደማ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የሮማ ጦር ከሰሜኑ ነገዶች ጋር ሞንስ ግራውፒየስ በተባለ ቦታ ትልቅ ጦርነት ገጥሟል። ቦታው የት እንደሆነ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ቤናኺ ከእጩዎቹ አንዱ ነው። በ1975 ከአውሮፕላን በተነሳ ፎቶ ከኮረብታው ሰሜን፣ ዱርኖ ላይ፣ ትልቅ የሮማ ጦር ሰፈር ዱካ ከተገኘ ወዲህ ደግሞ የአካባቢው ሰው «እዚሁ ነው» ብሎ ድርቅ ብሏል።

ጫካው ውስጥ ያሉት ፍርስራሾችስ?

እነሱ የቅርብ ጊዜ ናቸው። ታሪካቸውን ስታውቁ የመውጫው መንገድ ሌላ ይሆንባችኋል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኮረብታው ግርጌ የማንም የግል ይዞታ አልነበረም። የአካባቢው ሰው በጋራ ይጠቀምበታል፤ ከብት ያግድበታል፣ ማገዶ የሚሆን ደረቅ አፈር ይቆፍርበታል። መሬት ያልነበራቸው ድሆች መጥተው ጎጆ ቀለሱ። ድንጋይ ለቅመው ካብ ካቡ፣ ጠፍ መሬት አቀኑ፣ አጃ ዘሩ። ድንጋይ ጠራቢም ነበሩ፤ ለሌላ ሰውም አጥር ይሠሩ ነበር። «ኮሎኒስቶች» ይሏቸዋል።

በ1859 በዙሪያው ያሉት ባለርስቶች የጋራውን መሬት በሕግ አስወስነው ለራሳቸው ተከፋፈሉት። በገዛ እጃቸው መሬቱን ያቀኑት ሰዎች በአንድ ጊዜ ኪራይ ከፋይ ሆኑ። መክፈል ያቃተው ወጣ፤ ሌላውም ቀስ በቀስ ተበተነ። የመጨረሻው ነዋሪ ጆርጅ ኤሰን ነበር፤ በ1939 ሞተ። የመሬት ላራሹን ዘመን ለሚያስታውስ ሰው ታሪኩ አዲስ አይደለም።

የአበርዲን ዩኒቨርሲቲና ቤይሊስ ኦፍ ቤናኺ የሚባሉት በጎ ፈቃደኞች ቤቶቹን አብረው ቆፍረው አጥንተዋል። ማኅበሩ በ1973 የተቋቋመ ነው፤ የምትረግጡትን መንገድ ከሚንከባከቡት አንዱ እሱ ነው። ከቪዚተር ሴንተሩ ስትወጡ የድንጋይ ሽበት የለበሰ ዝቅተኛ ግድግዳ ካያችሁ የአንዱ ሰው ቤት ነው። ላዩ ላይ አትውጡ።

ልጆች ይችሉታል? እናቴስ?

ስድስት ሰባት ዓመት የሆነው ጤነኛ ልጅ በደንብ ይወጣል፤ ብስኩትና «ደርሰናል፣ ደርሰናል» የሚል ወላጅ ካለው። ሕፃን ከሆነ በጀርባ ማዘል ነው፤ ጋሪ አይሄድም። የመጨረሻው ቋጥኝ ላይ ግን የልጁን እጅ አትልቀቁ። በአንድ በኩል ገደል ነው፤ አጥር የለውም።

እናታችሁ ለጉብኝት ከሀገር ቤት መጥተው ከሆነ ጉልበታቸውን ጠይቁ። ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነው ጉልበት የሚበላው፤ ደረጃው የድንጋይ ነው። አናት ካልደረስን ብላችሁ አታስጨንቋቸው። ከቪዚተር ሴንተሩ በጫካው ውስጥ ሜዳ ለሜዳ የሚዞሩ አጫጭር መንገዶች አሉ። ነጠላቸውን ተከናንበው እሱን ቢዞሩ ይበቃል።

ፍልሰታን እየጾምኩ መውጣት እችላለሁ?

ይሄ በየዓመቱ ይጠየቃል፤ አበባውና ጾሙ አንድ ላይ ስለሚውሉ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ሦስት ሰዓት ዳገት ቢወጣ ራሱን ያዞረዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከሰዓት ውጡ። በነሐሴ አጋማሽ እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ቅዳሴ አስቀድሳችሁ፣ ጾም ፈታችሁ፣ 10 ሰዓት ላይ ብትነሱ እንኳ በብርሃን ትመለሳላችሁ። የማታው ብርሃን አበባው ላይ ሲያርፍ ደግሞ ፎቶው ሌላ ነው።

ስንቅ ካላችሁ በሶን የሚያህል የለም። በስኳር ወይም በማር በጥብጣችሁ በኮዳ ያዙ። ቆሎም ኪስ ውስጥ ይግባ።

ላይ ላይ ቡና ማፍላት ይቻላል?

ስሜቱን እረዳለሁ፤ ከሰል ግን በፍጹም። ሄዘር ሲደርቅ ይንቦገቦጋል። ስሩ ያለው አፈር ራሱ ነዳጅ ነው፤ ከውስጥ እየጨሰ ቀናት ሊቆይ ይችላል። በተለይ በማርችና ኤፕሪል፣ አሮጌው ሣርና ሄዘር በደረቀበት ጊዜ፣ አንድ የተጣለ የሲጋራ ቁራጭ ኮረብታ ያቃጥላል። ቤታችሁ አፍሉና በፔርሙዝ ይዛችሁ ውጡ። ስኒውንም መያዝ ትችላላችሁ፤ ማንም አይከለክልም። ፈረንጆቹ ጠጋ ብለው «ምንድን ነው እሱ?» ይሏችኋል፤ አንድ ሁለት ስኒ ጨምራችሁ ያዙ።

መዥገር አለ ይላሉ። እውነት ነው?

እውነት ነው። ከሁሉም በላይ ልብ ማለት ያለባችሁ እሱን ነው። ከፀደይ እስከ መኸር ረጅም ሣርና ፈርን ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። የእኛ የከብት መዥገር አይምሰላችሁ፤ ትንሹ ከሰሊጥ ፍሬ ያንሳል። ሲነክስ አያምም። አንዳንዱ ላይም ደማችሁ ውስጥ ሊገባ የሚችል በሽታ አለ።

ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ቤት ስትደርሱ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ ወገብና ጆሮ ጀርባ እዩ፤ የልጆችን ራስ በጣታችሁ ፈትሹ። ካገኛችሁ ጫፉ ቀጭን በሆነ ወረንጦ ቆዳው ላይ በጣም ተጠግታችሁ ያዙትና ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ንቀሉት። ቫዝሊን መቀባት፣ ክብሪት ማስጠጋት፣ ሆዱን መጭመቅ የለም።

ከዚያ ለአንድ ወር ያህል ቦታውን ተከታተሉ። እየሰፋ የሚሄድ ክብ ሽፍታ ከታየ ወይም ጉንፋን የሚመስል ስሜት ከመጣ ሐኪም ጋ ሂዱና «መዥገር ነክሶኝ ነበር» በሉ፤ ላይም የሚባለው በሽታ በጊዜ ከተያዘ በአንቲባዮቲክ ይድናል። ልብ በሉ፣ ብሮሹሮቹ ላይ ያለው ፎቶ ብዙ ጊዜ ነጭ ቆዳ ላይ የወጣ ደማቅ ቀይ ክብ ነው። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ያን ያህል ቀይ ላይሆን ይችላል፤ ጠቆር ያለ ወይም የበለዘ ሊመስል ይችላል። «ቀይ አይደለም» ብላችሁ አትተዉት።

እባብስ? አውሬስ?

ጅብም ነብርም የለም። እባብ አለ፤ እፉኝት ዘር ነው፤ ጀርባው ላይ ጥቁር የዚግዛግ መስመር አለው። ፀሐይ ሲወጣ መንገድ ዳር ተጋድሞ ይሞቃል። ኮቴ ሲሰማ ይሸሻል። አትንኩት፣ አይነካችሁም። ከነከሰ 999 ደውሉ፤ ሰው የሚሞትበት ግን ከስንት አንዴ ነው።

ከሁሉም የሚያስደነግጠው ቀይ ግራውሱ ነው። ቆቅ መሳይ ወፍ ነው። ከእግራችሁ ስር እየጮኸ ፍርር ሲል ልብ ያቆማል።

ጉም ቢወርድብኝስ?

በደቂቃ ውስጥ ሊወርድ ይችላል። መንገዱ ላይ ከሆናችሁ ከመንገዱ አትውጡ፤ በመጣችሁበት ተመለሱ። ቋጥኙ ላይ ከሆናችሁ ወደ ጠርዙ አትጠጉ። አቋራጭ ብላችሁ ሄዘሩ ውስጥ አትግቡ፤ ጉድጓዱና ድንጋዩ ከስሩ አይታይም፤ ቁርጭምጭሚት የሚወልቀው እዚያ ነው።

ካርታውን ከመውጣታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ብርድ ባትሪ ይጨርሳል፤ ስልኩን የውስጥ ኪስ ውስጥ አድርጉት።

የባሰ ነገር ከመጣ 999 ደውላችሁ መጀመሪያ ፖሊስ፣ ቀጥሎ «ማውንቴን ሬስኪው» በሉ። የሚመጡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ገንዘብ አይጠይቁም። የመኖሪያ ፈቃዳችሁንም የሚጠይቅ የለም። ኔትወርክ ደካማ ከሆነ በጽሑፍ መልእክትም ይቻላል፤ ግን አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። አሁኑኑ «ሬጅስተር» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ ወደ 999 ላኩና መመሪያውን ተከተሉ።

በበጋውና በክረምቱ ስንት ሰዓት ነው የሚመሸው?

በጁን ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ድረስ ብርሃን ነው። በዲሴምበር ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ጠልቃለች፤ በእነሱ አቆጣጠር ሦስት ተኩል መሆኑ ነው። በክረምት ከምሳ በኋላ አትነሱ። የራስ ባትሪም ያዙ።

የሄዘር ማር ጥሩ ነው?

ድንቅ ነው፤ ውድም ነው። ንብ አናቢዎች በኦገስት ቀፏቸውን ጭነው ሄዘር ያለበት ቦታ ያደርሳሉ። ማሩ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ነው፤ ትንሽ መረር ይላል፤ ሽታው ጠንካራ ነው። የሚገርመው አወራረዱ ነው። እንደ ጄሊ ይረጋል፤ ማሰሮውን ብትዘቀዝቁት አይወርድም። ስታማስሉት ይቀጥናል፣ ስትተዉት መልሶ ይረጋል። ስለዚህ እንደሌላው ማር በማሽን አሽከርክሮ ማውጣት አይመችም፤ ብዙ ጊዜ እየተጨመቀ ነው የሚወጣው። ዋጋውን ካያችሁ በኋላ ጠጅ ልጣልበት የሚል ሐሳብ አይመጣባችሁም።

ውሻ መውሰድ ይቻላል?

ይቻላል። ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ግን መሬት ላይ የሚፈለፍሉ ወፎች ስላሉ በአጭር ማሰሪያ ይያዝ።

ከወረድን በኋላ በአቅራቢያው ምን እንይ?

ከኮረብታው ምሥራቅ፣ ቻፕል ኦፍ ጋሪ ከምትባለው መንደር አጠገብ፣ መንገድ ዳር የቆመ ሜይደን ስቶን የሚባል ሐውልት አለ። ቁመቱ 3 ሜትር ገደማ ነው፤ ፒክቶች የቀረጹት ሮዝ ግራናይት ነው። በአንድ ፊቱ መስቀል፣ በሌላው አውሬዎች፣ መስታወትና ማበጠሪያ ተቀርጾበታል። ከጎኑ አንድ ጉማጅ ወድቋል።

ስለ ጉማጁ ተረት አለ። አንዲት ልጅ ሠርጓ ዋዜማ ቂጣ ትጋግራለች። አንድ የማታውቀው ሰው መጥቶ ውርርድ ይገጥማታል፤ «ጋግረሽ ሳትጨርሺ ቤናኺ አናት ድረስ መንገድ እሠራለሁ፤ ካሸነፍኩ ታገቢኛለሽ።» ስቃ እሺ ትላለች። ቂጣው ሳያልቅ ቀና ስትል መንገዱ ተሠርቷል። ሰውየው ሰይጣን ነበር። ስትሮጥ ትከሻዋን ሲይዛት ጸሎቷ ተሰምቶ ድንጋይ ሆነች፤ የያዛት ቦታ ተገምሶ ቀረ። መንገዱ ሮዋን ትሪ ላይ የሚጀምረው ሜይደን ኮዝዌይ ነው ይላሉ።

ሐውልቱን ለማየት ከፀደይ እስከ መኸር ሂዱ። በክረምት ከውርጭ ለመጠበቅ ስለሚሸፍኑት የምታዩት ሽፋኑን ብቻ ነው።